ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጠራው ትምህርት ቤት

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ? ከመካከላችሁ ሌሊቱን ሥራ አድራችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዱኝ። ደነገጥኩ። ነርስ በመሆኔ ሰው ጥግ ይዞ የሚያነጋግረኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕመም ነው። እሳቸው ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አይደለም፤ ኮሌጅ ነው የምትገባው። ለሰው ምን ልበል?» አሉኝ።

ልጅቷን አውቃታለሁ። ጎበዝ ተማሪ ናት። የክልሉ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። እሷ ግን የትምህርት ክፍያውን፣ የመኝታውን፣ የምግቡን ደምራ ስታየው ከቤተሰቧ አቅም በላይ ሆነባት፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሚባለው የአካባቢያችን የሁለት ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጅ ለመማር ወሰነች። እናትየው ከቦርሳቸው አጥፈው የያዙትን ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ ነው። በአንድ በኩል የዩኒቨርሲቲው ወጪ፣ በሌላው በኩል የኮሌጁ ወጪ ተጽፏል። ከሥር፣ ከድምሩ ቀጥሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ «አባዬ የሌሊቱን ሥራ ይተዋል» ይላል።

እኔ ያንን ወረቀት ይዤ እዚያው ጥግ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እናትየው ያለቀስኩት በልጅቷ ዕድል አዝኜ መሰላቸው። ዛሬ የምናገረው ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ነው፤ ታሪኩንም ያነሣሁት ራሳቸው ፈቅደውልኝ ነው።

ይህ ሐፍረት ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ፤ እኔም ተሸክሜው መጥቻለሁ። እኛ አገር የሰው ዕድል በጥቂት ቀናት ፈተና ይወሰናል። ውጤት የመጣለት ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ያልመጣለት ኮሌጅ ይገባል፣ ወይም ሙያ ይማራል፣ ወይም ቤት ይውላል። ሰፈሩም በዚያው ቀን ይሰማል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። የቀሩትን ልጆች አስቧቸው። በዚያ መንገድ ላደገ ሰው «ኮሌጅ» የሚለው ቃል ውጤት ያልመጣለት ሰው የሚሄድበት ቦታ ስም ነው። አሜሪካ ስንመጣ ቃሉን ከነትርጉሙ በሻንጣችን ይዘነው መጣን። እዚህ ግን ቃሉ ያ ትርጉም የለውም። አንድ አሜሪካዊ ልጁ ሃርቫርድ ቢማርም «ኮሌጅ ገብቷል» ነው የሚለው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሁላችንም የምንኮራበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲመሠረት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኦቭ አዲስ አበባ ይባል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ አደራ ያሏቸው የካናዳው ኢየሱሳዊ መነኩሴ ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው ያቋቋሙት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ራሱ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው የጀመረው።

የአሜሪካኖቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የመጀመሪያው የመንግሥት ማኅበረሰብ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት ጆሊየት ከተማ ተከፈተ። የተጀመረው በስድስት ተማሪዎች ነው። ሐሳቡ የአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ልጆቹ ከቤታቸው ሳይርቁ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት እንዲማሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ለመማር ወደ ትምህርት ቤት ሲጎርፉ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ ሐሳብ አቀረበ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1946 ነው። ዛሬ በአገሪቱ ከ1,000 በላይ ናቸው። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ትንሽ ብትሄዱ የታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ግቢውን ታገኛላችሁ፤ ሮክቪልና ጀርመንታውንም ግቢዎች አሉት። ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ኖቫ፣ ማለትም የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ አላችሁ፤ አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴል፣ ላውደን፣ ምናሰስ፣ ውድብሪጅ፣ የሕክምና ሙያ ግቢውም ስፕሪንግፊልድ።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር።

እኔ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነኝ። ውጤቱ የተነገረ ቀን አባቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ። ከዚያ በኋላ በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ስመጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። መማር የሚባለው ነገር በእኔ ላይ የተዘጋ መዝገብ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አብራኝ የምትኖር ልጅ ናት ለእንግሊዝኛ ትምህርት ብላ ወደ ኮሌጅ የወሰደችኝ።

የማመልከቻውን ቅጽ ሰጡኝ። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ዘመን፣ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ አለመጨረስ። እኔ የማትሪክ ውጤት የሚጠይቀውን ቦታ ፈለግሁ። አጣሁት። ወረቀቱን ገልብጬ ከጀርባው አየሁ፤ እዚያም የለም። አንድ ገጽ ረስተው ያልሰጡኝ መስሎኝ ለሠራተኛዋ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «የፈተናው ውጤት የት ነው የሚጻፈው?» ብዬ ጠየቅኳት። «የምን ፈተና?» አለችኝ። ያቺ ሴት ምን እንዳደረገችልኝ አታውቅም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ግንባሬ ላይ ተጽፎ የነበረው ቁጥር እዚያ መስኮት ላይ ማንንም የማይመለከት ነገር ሆነ።

የማኅበረሰብ ኮሌጅ ትልቁ ነገሩ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ርካሽነቱንም፣ ቅርበቱንም፣ የማታ ትምህርቱንም እደርስባቸዋለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን የሚጠይቃችሁ ትናንት ስንት እንዳመጣችሁ ሳይሆን ዛሬ የት ላይ እንዳላችሁ ነው። ደረጃችሁን የሚለይ ፈተና ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ውጤቱ ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል እንጂ አያባርራችሁም። እኔ የጀመርኩት ከታች ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ሁለት ዓመት ተማርኩ። ክፍላችን ውስጥ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ አናጺ፣ ከካሜሩን የመጡ የልጅ ልጅ ያዩ እናት፣ ከቬትናም የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። በስሜ የምትጠራኝ መምህር ነበረችኝ፤ የጻፍኩትን ሁሉ በአረንጓዴ እስክሪብቶ አርማ ትመልስልኝ ነበር፤ አንዳንዴ እርማቷ ከጽሑፌ ይረዝማል። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት በመቶዎች በሚቆጠሩ ተማሪዎች አዳራሽ እንደሚሰጥ በኋላ ተዛውሬ ስሄድ አየሁ። ስለ መምህራኑም ጥርጣሬ ያላችሁ ካላችሁ፣ ጂል ባይደን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኖቫ ውስጥ የጽሑፍ ትምህርት ያስተምሩ እንደነበር ላስታውስ፤ ቀዳማዊት እመቤት ሆነው ነጭ ቤት ሲገቡም አላቋረጡም።

በሩ ክፍት ነው ማለት ግን ትምህርቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ይህን በደንብ ስሙኝ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በነርስ ረዳትነት እሠራ ነበር። ክሬዲት ያለው፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠር፣ ትምህርት በጀመርኩ በሁለተኛው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ወሰድኩ፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር የሚጀምረው። ሥራ አድሬ በቀጥታ እሄዳለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ራሴን ደፍቼ እተኛለሁ። በአምስተኛው ሳምንት መሄድ አቆምኩ። ማቆሜን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ በሕጉ መሠረት ከኮርሱ አልወጣሁም። እኛ አገር ትምህርት የተወ ሰው ቀረ ይባላል፤ በዚያው ያልቃል። እዚህ አያልቅም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ኤፍ መጣ፤ አማካይ ነጥቤ ወደቀ፤ የመንግሥት እርዳታዬ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ያቺን አንዲት ኤፍ ለማካካስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንም አላሳሳተኝም፤ መጠየቅ ነበረብኝ። እባካችሁ፣ ትምህርቱ ከከበዳችሁ ቀኑ ሳያልፍ አማካሪ ዘንድ ሂዱ፤ ከኮርሱ የመውጫ ቀን አለው፤ በጽሑፍ ውጡ። በአብዛኛው እርዳታው እንዲቀጥል አማካይ ነጥባችሁ ከ2.0 እንዳይወርድ፣ ከተመዘገባችሁበት ኮርስም ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንድትጨርሱ ይጠበቅባችኋል።

በዚያው መንከባከቢያ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የሰው አካል ጥናት ስወስድ የአጥንቶቹንና የደም ሥሮቹን ስም በትናንሽ ካርዶች ጽፌ በዩኒፎርሜ ኪስ እይዝ ነበር። አንድ ሌሊት ካርዶቹ አልጋቸው ላይ ወደቁ። አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉና፣ «ተቀመጪ፤ ልጠይቅሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ፣ ሰውነታቸውን ካጠብኩና ካገላበጥኳቸው በኋላ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠይቁኛል። ክንዳቸው ቀጭን ነበር፤ የደም ሥሮቹ ከቆዳው ሥር ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ክንዳቸውን ዘርግተው በጣታቸው እያመለከቱ «ይህስ?» ይሉኛል። ፈተናውን በኤ ሳልፍ ነገርኳቸው፤ ሲስቁ ጥርስ አልነበራቸውም፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያምር ሳቅ አላየሁም። አሁን ለሕሙማን መርፌ ስወጋ የማስበው የእሳቸውን ክንድ ነው።

የሁለት ዓመቱን የነርስነት ዲግሪ ለማግኘት ከእንግሊዝኛው ጋር ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። ሰባት ዓመት ብዬ ስናገር አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። እነዚያ ሰባት ዓመታት ባልማርም ማለፋቸው አይቀርም ነበር። ደግሞ ይህን እወቁ፤ ከማኅበረሰብ ኮሌጅ በሁለት ዓመት ዲግሪ የተመረቀም፣ ከዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት ዲግሪ የተመረቀም፣ የተመዘገበ ነርስ ለመሆን የሚፈተኑት አንድ ዓይነት ፈተና ነው። ኤንክሌክስ ይባላል። አንድ ዓይነት ፈቃድ ነው የሚሰጣቸው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከዚያ በኋላ እየሠራሁ ጨረስኩ፤ ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነው አሠሪዬ ነው። የነርስነቱ ክፍል መግቢያ ግን ፉክክር አለበት፤ ኮሌጁ ሁሉን ይቀበላል፣ የነርስነት ክፍሉ ሁሉን አይቀበልም። እንደ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ያሉት ቅድመ ኮርሶች ላይ ያመጣችሁት ነጥብ ይቆጠራል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ2024–25 የትምህርት ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ ለአካባቢው ነዋሪ የማኅበረሰብ ኮሌጅ አማካይ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ 4,050 ዶላር ነበር። የአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለክልሉ ነዋሪ 11,610፤ የግል ዩኒቨርሲቲ 43,350። ሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ በእነዚህ አማካዮች 31,320 ዶላር ይከፍላል። አራቱንም ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ 46,440። ልዩነቱ 15,120 ዶላር ነው፤ መኝታና ምግብ ሳይቆጠር። ያ ገንዘብ ለብዙዎቻችን ስንት የሌሊት ሥራ እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ልጅቷ በደብተሯ ወረቀት ላይ የጻፈችው ይህንኑ ነው።

በዚያ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት እርዳታ አለ። ፔል ግራንት የሚባለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በዚያው ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ሙሉውን የሚያገኝ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የኮሌጁን ክፍያ ከፍሎ አብዛኛውን ጊዜ ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ የሚሆን ይተርፈዋል። የሚጠየቀው በፋፍሳ ቅጽ ነው። ቅጹ ነፃ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ፋፍሳ እሞላላችኋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ሂዱ፤ እዚያ በነፃ ያግዟችኋል። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የመጣ፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት ይህን እርዳታ መጠየቅ ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያለው ግን የፌዴራሉን እርዳታ አያገኝም። ይህን ስናገር ልቤ ያዝናል፤ ምክንያቱም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ እዚያ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የምለው፣ ኮሌጁን ስለ ነዋሪነት ክፍያና ኮሌጁ ራሱ ስለሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ ጠይቁ፤ በአንድ ሰው ወሬ ተስፋ አትቁረጡ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ክፍያ አለው፤ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላው የሜሪላንድ ነዋሪ፣ ከክልሉ ውጪ ለሚመጣ። ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ክልሉ ነዋሪ ለመክፈል ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያ መኖርን ማሳየት ይጠበቃል። ስለዚህ የቤት ኪራይ ውላችሁን፣ የታክስ ወረቀታችሁን፣ የመንጃ ፈቃዳችሁን አስቀምጡ። ቨርጂኒያ በተጨማሪ ከ2021 ጀምሮ ጂ ስሪ የሚባል ፕሮግራም አላት፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች እንደ ጤና፣ ኮምፒውተርና የእጅ ሙያ ያሉ ተፈላጊ ትምህርቶችን ያለ ክፍያ እንዲማሩ ያደርጋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች። ፔል ግራንት የዕድሜ ልክ ገደብ አለው፤ በሙሉ ጊዜ ተማሪ ሲሰላ 12 ሴሚስተር ያህል ነው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ገንዘብ ቋንቋ ብቻ ከተማራችሁ ለዲግሪው ስትደርሱ ሊያልቅባችሁ ይችላል። በአነስተኛ ክፍያ ወይም በነፃ የሚሰጡ የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ትምህርቶች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።

ከገንዘብ ጋር የተያያዘ አንድ መራራ ነገር አለ። ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አንድ የግል የሙያ ማሠልጠኛ ገብቼ ነበር። «በስድስት ወር ሥራ ትይዣለሽ» አሉኝ፤ በብድር አስፈረሙኝ። ኮሌጅ ስገባ እዚያ የተማርኩትን ይዤ ቀረብኩ፤ አንድም ክሬዲት አልተቆጠረልኝም። ብድሩን ግን ለዓመታት ከፈልኩ። ስለዚህ ማንኛውም ትምህርት ቤት ፊርማ ሲጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «እዚህ የምማረውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይቆጥርልኛል ወይ?» መልሱን በጽሑፍ ካልሰጧችሁ ብዕሩን አስቀምጡና ውጡ።

ስለ ዝውውር እንነጋገር፤ የወላጆች ትልቁ ጭንቀት ይህ ነውና። አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ባብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ኮሌጁ 60ውን ይሰጣችኋል። ቀሪውን ዩኒቨርሲቲ ተዛውራችሁ ትጨርሳላችሁ፤ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለው፤ ተማሪው ገና ኮሌጅ ሲገባ የዩኒቨርሲቲው መንገድ ይነጠፍለታል። ከሌሎች የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋርም የተወሰነ ነጥብ ላመጣ ተማሪ መግቢያውን የሚያረጋግጡ ስምምነቶች አሉ። በሜሪላንድ በኩል ሮክቪል ውስጥ ሼዲ ግሮቭ የሚባል ግቢ አለ፤ በርካታ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ትምህርታቸውን እዚያ ይሰጣሉ። ልጃችሁ ከቤት ሳትወጣ ዲግሪዋን ልትይዝ ትችላለች ማለት ነው።

እውነቱን መደበቅ ግን አልፈልግም። በአገር አቀፍ ደረጃ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ከሚጀምሩት ተማሪዎች ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ናቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዙት ከመቶ 16 ገደማ ብቻ። አብዛኞቹ ሲገቡ የተመኙት ግን ዲግሪውን ነበር። ለምን ይቀራሉ? ሥራ ይጫናቸዋል፤ አንድ ኮርስ፣ ሁለት ኮርስ እያሉ ይጎተታሉ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ያለ ዕቅድ የሚማሩት ናቸው። ጓደኛ የወሰደውን ኮርስ ይወስዳሉ፤ ዘጠና ክሬዲት ይሰበስቡና ዩኒቨርሲቲው ግማሹን ለዲግሪው አልፈልገውም ይላቸዋል። ይህ እንዳይደርስባችሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ደግሜ እላለሁ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ልማር እንደምትሉ ይዛችሁ አማካሪ ዘንድ ቅረቡ። ሜሪላንድ አርትሲስ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባል ድረ ገጽ አላቸው፤ የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር በነፃ ያሳያሉ። የዲግሪውንም ስም አስተውሉ። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ አሶሼት ይባላል፤ አሶሼት ከሚለው ቀጥሎ «አፕላይድ» የሚል ቃል ካለበት በቀጥታ ለሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ሲዛወር ሁሉም ክሬዲት ላይቆጠር ይችላል። ያቺን አንዲት ቃል ባለማስተዋል ዓመት ያጡ ወንድሞች አውቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሁሉ ሰው ፍላጎት መሆን አለበት ብዬ አላምንም። በሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሮክቪል ግቢ መኪና መጠገን፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መትከል፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ ይማራሉ። ሰሜን ቨርጂኒያ በዓለም ትልቁ የዳታ ማዕከላት መንደር ሆኗል፤ ኖቫ ለእነዚያ ማዕከላት የሚሆኑ ቴክኒሺያኖችን ያሠለጥናል። ታክሲ ለሚነዱና ፓርኪንግ ለሚሠሩ ወንድሞቼ ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። እጅ ሥራን መናቅ ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው ሌላው ሸክም ነው፤ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንት ዘመን በድለናል። ልጆቻችን ላይ ልንደግመው አይገባም።

አገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ መጥታችሁ በዘበኝነት፣ በሆቴል ጽዳት ለምትሠሩ መምህራን፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶች፤ እናንተን ሳስብ በጣም ይቆጨኛል። ከዜሮ መጀመር የለባችሁም። ትራንስክሪፕታችሁን አስመጥታችሁ ደብልዩ ኢ ኤስን በመሰለ ተቋም አስገምግሙት። ከዚያ የጎደላችሁን ኮርስ ብቻ ኮሌጅ ገብታችሁ ማሟላት ትችሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከምትፈሩት ያነሰ ነው።

ወጣቶች፣ ከኋላ ያላችሁ፤ ለእናንተ አጭር ነገር አለኝ። ጓደኞቻችሁ መኝታ ክፍላቸውን አስጊጠው ፎቶ ሲለጥፉ እናንተ ከእናታችሁ ቤት በአውቶቡስ ወደ ኮሌጅ ትሄዳላችሁ። ይከፋችኋል፤ መክፋቱ ያለ ነው። ከክፍል ወጥታችሁ ወዲያው ወደ ቤት አትሩጡ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆዩ፤ መምህሮቻችሁ በቢሯቸው የሚገኙበት ሰዓት አለ፤ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። ስትዛወሩ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ያወቃችሁ መምህር ነው። ወላጆችም፣ ቤት የሚኖር ተማሪ ሥራ ፈት አይደለም። ፈተና ባለበት ሳምንት ታናናሾቹን ጠብቅ፣ እንግዳ ተቀበይ፣ ከአክስትሽ ጋር ሆስፒታል ሄደሽ አስተርጉሚ አትበሏቸው። ያቺ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ መጽሐፍ ሥራ ናት።

እኚያ እናት «ለሰው ምን ልበል?» ሲሉኝ የመለስኩላቸው፣ «ምንም አይበሉ፤ ይቺን ወረቀት ያሳዩአቸው» ብዬ ነው። አሳይተዋል መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አራት ቤተሰቦች ስልክ ደውለውልኛል።

ከቡናው በኋላ እዚያ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለት ኮምፒውተሮች ይዘናል። ፋፍሳ መሙላት የምትፈልጉ የታክስ ወረቀታችሁንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ያዙ፤ ዛሬ ያልያዛችሁ በሚቀጥለው እሑድም እዚሁ አለን። ልጅቷም አብራኝ ናት፤ የመጀመሪያ ሴሚስተሯን ጀምራለች። ስለ ምዝገባው፣ ስለ አውቶቡሱ፣ መጽሐፍ ሳይገዙ ከቤተ መጻሕፍት ስለመዋስ ከእኔ ይልቅ እሷን ጠይቋት፤ የእኔ እውቀት የቆየ ነው፣ የእሷ የዚህ ሳምንት ነው። አባቷ ደግሞ እዚያ በር አጠገብ ቡና እየቀዱ ያሉት ናቸው። በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ የሚሆኑ ሰው ነበሩ።